የጀርባው አሸንዳ

ጉልበቴ መሰላል እንቢ ካለኝ ሁለተኛ ክረምቱ ነው። ልቤ ግን ቀድሞ ነው እንቢ ያለው። መሐል ሜዳ ከተማ ላይ አንድ ወጣት የፕላስቲክ አሸንዳ በትከሻው አድርጎ ሲያልፍ አየሁና ተከተልኩት። በመጋዝ ቆረጠው፣ እርስ በርሱ ሰካካው፣ በብሎን አሰረው። እሳት የለ፣ ከሰል የለ፣ ጭስ የለ። ምሳ ሳይደርስ ጨርሶ እጁን ታጥቦ ሄደ። ከሰዓት በኋላ ዝናብ ጣለና ቆሜ ጠበቅኩ። እውነቱን ለመናገር እንዲያፈስ ፈልጌ ነበር። አላፈሰሰም። በዚያው ሳምንት የቆርቆሮ መቀሴን ምድጃ ለሚሠራ ጎረቤቴ ሰጠሁና የሥራ ዘመኔን ዘጋሁ።

ይህን የምጽፈው ስለ ራሴ ብዙ የሚወራ ነገር ኖሮኝ አይደለም። እንደ ማንም ሠራተኛ ሠርቼ፣ እንደ ማንም አርጅቻለሁ። የምጽፈው ሙያውን ስላስተማሩኝ ስለ ጋሽ ደምሴ ነው። የእሳቸው ነገር እንደ እሳት ሲበላኝ ኖሯል፤ ሰው እንዲያምነኝም ተስፋ የለኝም። ቢሆንም ይጻፍ።

ሥራችን ቀላል ይመስላል። ከጣራ የሚወርደው ውሃ የግድግዳው እግር ላይ እንዳያርፍ ማድረግ ነው፤ ሌላ ነገር የለውም። ግን የመንዝ ቤት ድንጋይና ጭቃ ነው። ድንጋዩን አንድ ላይ የያዘው ጭቃው ነው፤ ጭቃው ከራሰ ድንጋዩን የሚይዘው የለም። የድሮ ሰዎች ይህን ስለሚያውቁ ቤታቸውን በጓሳ ሳር በወፍራሙ ይከድኑ ነበር። የሳር ክፈፍ ከግድግዳው ክንድ ከስንዝር ወጣ ይላል። ዝናቡን ጠጥቶ ጠጥቶ ቀስ እያለ ያንጠባጥበዋል፤ ጠፈጠፉም ከግድግዳው ርቆ ነው የሚያርፈው። የጓሳው ሜዳ ደግሞ በሽማግሌ የሚጠበቅ፣ ለዓመታት ተዘግቶ በቀጠሮ የሚከፈት ነበር። የመሬት አዋጁ ሲመጣ ጥበቃውም የባላባት ሥርዓት ነው ተባለና ቀረ። ያገኘ ሁሉ አጨደው። ሳሩ ለጣራም ለበግም የማይበቃ ሲሆን አቅም ያለው ወደ ቆርቆሮ ዞረ። ቆርቆሮ ውድ ነው፤ ሰው ሲቆጥብ ክፈፉን ያሳጥራል። ውሃው ደግሞ ቆርቆሮ ላይ አይቆይም፤ እንዳለ ተንደርድሮ የግድግዳው እግር ላይ ይወርዳል። «በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ» ይባላል፤ የእኛ ሰው ቆርቆሮውን አይቶ ጎርፉን አላየም። በሁለት በሦስት ክረምት ጀርባው የተነፋ ግድግዳ፣ መሠረቱ የተቦረቦረ ቤት አገሩን ሞላው። እኛም እንጀራ አገኘን።

እኔ የተቀጠርኩት መሐል ሜዳ ላይ በነበረች ትንሽ የመንግሥት የሥራ ክፍል ነው። ትምህርት ቤት፣ ክሊኒክ፣ መጋዘን፣ የቀበሌ ጽሕፈት ቤት እንጠግናለን። ደመወዙ ለጨውና ለበርበሬ ይበቃ ነበር ልበል። ኃላፊዎች ይመጣሉ ይሄዳሉ። አንዱ ሥራችንን በሜትር ብቻ ይለካ ነበር፤ ስንት ሜትር አሸንዳ ገጠማችሁ ይለናል እንጂ ውሃው ወረደ ወይ ብሎ ጠይቆን አያውቅም። ሌላው ከአዲስ አበባ በቅጣት የመጣ ሰው ሲሆን ብርዱን እየረገመ ካፖርቱን ሳያወልቅ ዓመት ኖሮ ሄደ። ክፉ ሰዎች አልነበሩም። ከነሱ የተማርኩት ነገር ግን የለም።

የተማርኩት ከጋሽ ደምሴ ነው። ያን ጊዜ ወደ ስድሳ የተጠጉ፣ ቀጭን፣ ወሬ የማይወዱ ሰው ነበሩ። ሙያውን በልጅነታቸው ደብረ ብርሃን ላይ ከአንድ ጣሊያን እንደለመዱ ይናገራሉ፤ የጣሊያኑን ስም ግን ሲጠሩ ሰምቼ አላውቅም፤ «ያ ሰካራም» ነበር የሚሉት። የጋሽ ደምሴ የመጀመሪያ ልማድ ቤቱን በዝናብ ሳያዩ መሰላል አለመውጣት ነው። የዝናብ ገሳቸውን ደርበው ግቢው ውስጥ ይቆሙና ውሃው ከየት እንደሚነሣ፣ የት እንደሚሰበሰብ፣ በየት እንደሚሸሽ ያያሉ። እኔ ከክፈፍ ሥር ተጠልዬ ስንቀጠቀጥ አይተው፣ «ሽፈራው፣ ዝናብ የፈራ አሸንዳ ሠሪ ደም የፈራ በግ አራጅ ማለት ነው» ይሉኛል።

ሁለተኛው ልማዳቸው የቤቱን ሴት መጠየቅ ነው። አባወራው ምንም ቢናገር ሰምተው ዝም ይላሉ፤ ከዚያ ወደ ሴትየዋ ይሄዱና፣ «ውሃው የት ይሂድልዎ?» ይላሉ። ቤት ውስጥ ውሃ ሲገባ የሚቀዳው፣ እህሉን የሚያነሣው፣ አመድ የሚበትነው ማን ሆነና። ብዙ ሴቶች እንዲህ ያለ ጥያቄ ተጠይቀው ስለማያውቁ መጀመሪያ ያፍራሉ። ከዚያ ግን እጃቸውን ይዘው በግቢው ያዞሯቸዋል።

ሦስተኛው ልማዳቸው መታጠብ ነው። ይህን በደንብ ልንገር። ሁለት ላሜራ ስንበይድ መጋጠሚያውን በአሲድ እናጸዳለን፤ አለዚያ ስታኞው፣ ማለት የሚቀልጠው መበየጃ፣ አይዝም። ከሰል ላይ የጋለውን መበየጃ ብረት ስታኞው ላይ ስናሳርፈው አሲዱ ይንጫጫል፣ ስታኞው እንደ ቅቤ ይቀልጥና ስንጥቁን ተከትሎ ይገባል። ያን ጊዜ ሥራው ያለቀ ይመስላል። አላለቀም። የተረፈው አሲድ እዚያው ከተተወ ቀስ በቀስ ላሜራውን ይበላዋል፤ ከጊዜ በኋላ መርፌ የወጋው ይመስል ይበሳሳል። ጋሽ ደምሴ እያንዳንዷን መጋጠሚያ በአመድ ውሃ ያጥባሉ፣ በጨርቅ ይጠርጋሉ፣ ደግመው ያጥባሉ፣ በመጨረሻ በምላሳቸው ጫፍ ይቀምሷታል። «ካልኮመጠጠ ጸድቷል» ይላሉ። አሲድ ሳያጥብ ከመሰላል የሚወርድ ሰው ለእሳቸው ሌባ ነበር። በሥራ ዘመናቸው ሁሉ አንድ ሰው ተመልሶ መጥቶ «መጋጠሚያዎ አፈሰሰ» ብሏቸው አያውቅም። ይህ ብቻ ነበር ሀብታቸው። ሚስታቸው ሞተዋል፣ ልጅ አልነበራቸውም፣ መሬት የላቸውም። የነበራቸው ያ ስም ነው።

አሁን ወደ እመት አስካለ ቤት ልምጣ።

ቤቱ ቀየት ከሚባለው አገር ወጣ ብሎ አፋፍ ላይ ነበር። ትልቅ የድንጋይ ቤት ነው፤ የእመት አስካለ ባል ባላባት ነበሩ፣ አብዮቱ ሳይመጣ ሞተዋል። ሰፊውን ቤት የገበሬ ማኅበሩ ወስዶ የኮታ እህል መጋዘን አድርጎታል። ለእመት አስካለ ከጀርባ ያለችው የድሮ ማድ ቤታቸው ተትታላቸው እዚያ ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። በመጋዘኑ ጀርባና በማድ ቤቱ መካከል ጠባብ ቦታ አለች፤ ኩበት የሚከመርባት። የጀርባው ግድግዳ እርጥበት እያስገባ ጆንያው ሻገተ ተብሎ እኛ ተላክን።

ጋሽ ደምሴ እንደ ልማዳቸው በካፊያ ቆመው አይተው ሲያበቁ ወደ ማድ ቤቷ ሄዱ።

«እመት አስካለ፣ ውሃው የት ይሂድልዎ?»

እመት አስካለ ሃምሳውን ያለፉ፣ ረዥም፣ አንገታቸውን ያልደፉ ሴት ነበሩ።

«ቤቱ የኔ አይደለም። ባለቤቶቹን ይጠይቁ» አሉ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ፣ «የፊቱን አድርጉት። የጀርባውን ብትተዉት ምን ይላችኋል?»

«የታመመው ጀርባው ነው፣ እመት።»

«እንግዲህ እናንተ ታውቃላችሁ» አሉና ገቡ። ጋሽ ደምሴ ነገሩ ከንክኗቸው የማኅበሩን ሊቀመንበር ጠየቁት። ሊቀመንበሩ፣ «እህሉ ያለው በጀርባ በኩል ነው፤ የአሮጊት ነገር ምን ያደርግልዎታል?» አለ። ገጠምነው። ሲባጎ ወጥረን፣ በውሃ ልክ ለክተን፣ ውሃው ወደ ጥግ እንዲንደረደር ትንሽ አዘንብለን። ሲያልቅ ጋሽ ደምሴ ከላይኛው ጫፍ አንድ እንስራ ውሃ አፍስሰው ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ። ውሃው እስከ ቱቦው ድረስ ሳያንጎራጉር ሄደ።

ሐምሌ ላይ ተጠራን። የጀርባው አሸንዳ ያፈስ ነበር። ስናየው መካከሉ ላይ ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉ። እኔ በረዶ ነው አልኩ፤ የመንዝ በረዶ አንዳንዴ የበግ ግልገል ይገድላል። ጋሽ ደምሴ በየዱት፣ አጠቡት፣ ቀመሱት፣ ሄድን። ነሐሴ ሳይጋመስ ደግመው ጠሩን። የበየድነው ደህና ነው፤ ከጎኑ ግን ሌላ ቀዳዳ ተበስቷል። ሊቀመንበሩ አሁን ፊቱ ጠቁሯል። «ወይ ሥራችሁ ነው፣ ወይ ሰው ነው» አለ። ያን ጊዜ «ሰው ነው» የሚለው ቃል ከባድ ነበር። አሻጥር ይባላል፤ አሻጥር የተባለ ነገር ደግሞ ሰው ሳይበላ አያልፍም።

ጋሽ ደምሴ ያንን ቁራጭ ፈትተው አወረዱትና ጭናቸው ላይ አድርገው ሥሩን በጣታቸው ዳሰሱት። ከዚያ የእኔን ጣት ይዘው አስዳሰሱኝ። ጠርዙ ወደ ታች ተገልብጧል፤ ይቧጥጣል።

«አሲድ ቢበላው ይሳሳ ነበር» አሉ በለሆሳስ። «ይሄ ከላይ ተወግቶ ነው። ወፍራም መርፌም አይደለም። ወስፌ ነው።»

ወስፌ ሴቶች ሰፌድና ሌማት የሚሰፉበት ነው። ኩበቱ ክምር ላይ ሰው ቢወጣ አሸንዳው ጋ ይደርሳል። ሁለታችንም ማድ ቤቷን አየናት። ጋሽ ደምሴ ዝም በል አሉኝ፤ ሄደን በሩ ላይ ተቀመጥን። እመት አስካለ እውስጥ ሰፌድ እየሰፉ ነበር። እጃቸው አልቆመም። ጋሽ ደምሴም አልቸኮሉም። ስፌቱን ካዩ በኋላ እንዲህ አሉ፦

«እመት አስካለ፣ የጀርባው ውሃ ለምን አስፈለገዎ?»

ሰፌዱን አስቀመጡት።

«ልጆቼ አሉ እዚያ» አሉ።

በእኛ አገር ክርስትና ሳይነሣ የሞተ ሕፃን ቤተ ክርስቲያን አይቀበርም። ወንድ ከሆነ አርባ፣ ሴት ከሆነች ሰማንያ ቀን ሳይሞላ የሞተ በጓሮ ነው የሚቀበረው፤ ለቅሶ የለው፣ እዝን የለው፣ ጎረቤትም አይሰማ። እመት አስካለ በልጅነት ትዳራቸው ሦስት ወልደው ሦስቱም እንዲያ ሆኑባቸው። የባላቸው እናት ናቸው በጠፈጠፉ ሥር እንዲቀበሩ ያደረጉት። «ጥምቀት ያላገኘ ጠፈጠፍ ያግኘው፤ እሱም ከሰማይ ነው የወረደ» ብለዋቸው። ቄሱ ይህን ቢሰሙ ይቆጡ ነበር ይሆናል። ሌላ የተወለደ ልጅ የለም።

«ሳር በነበረ ጊዜ ወርዶላቸው ነበር» አሉ እመት አስካለ። «ቆርቆሮም ሲሆን፣ ጠጋ ብሎም ቢሆን ይደርሳቸው ነበር። ዘንድሮ ግን ሰኔን ሙሉ አየሁት። ዙሪያው ሲጨቀይ እነሱ ያሉበት እንደ በጋ ደርቋል። ሌሊት እንዴት ልተኛ?»

«ያን ጊዜ በነገሩኝ» አሉ ጋሽ ደምሴ።

«ለማን ይነገራል? ለባሌ እንኳ አንሥቼባቸው አላውቅም። ምን ብዬ ላንሣ፣ ስም የላቸው።»

ጋሽ ደምሴ ተነሥተው ቦታው ላይ ቆሙ። ከግድግዳው በእግራቸው ለኩ። ወደ ላይ አዩ። ከዚያ ፊታቸው ተፈታ፤ እንደዚያ ሲሆኑ አይቼ አላውቅም።

«ምላስ እሠራለሁ» አሉ። «ከአሸንዳው መካከል አውጥቼ፣ ከግድግዳው አርቄ፣ እነሱ ላይ የሚያንጠባጥብ ምላስ። ከሥሩ ድንጋይ አንጥፈን ውሃውን ወደ ቦይ እንወስደዋለን። ግድግዳውም ይድናል፣ እነሱም ያገኛሉ። እስክመለስ ብቻ አሸንዳውን አይንኩት።»

«አልነካም» አሉ እመት አስካለ። ከዚያ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ አድርገው አለቀሱ። ለነዚያ ልጆች ሰው ባለበት ሲያለቅሱ የመጀመሪያቸው ይመስለኛል።

ቀዳዳውን በይደን መሐል ሜዳ ተመለስን። ምላሱን የሠሩት በገዛ እጃቸው ነው፤ እኔን ከሰል ከማራገብ በቀር አላስነኩኝም። ጫፉን በጥቂቱ ወደ ላይ ቀልበስ አድርገው፣ ውሃው እንዳይወረወር፣ ጠብ ጠብ እንዲል አደረጉት። አንድ ጊዜ አልወደዱትም፤ ቀጥቅጠው ዘርግተው እንደገና ሠሩት። እንደዚያ የተሠራ ላሜራ በሕይወቴ አላየሁም። እኔ ተሸክሜው፣ እሳቸው መበየጃቸውን ይዘው በጭጋግ ወጣን።

ስንደርስ ግቢው በሰው ተሞልቷል። በጀርባው በኩል የነበረው እህል አስቀድሞ በገባው ውሃ በቅሎ ብቅል ሆኗል፤ ጆንያው ተቀዶ መሬት ላይ ተዘርግቷል። ከወረዳ የመጣ ወጣት ካድሬ በርጩማ ላይ ተቀምጧል። እመት አስካለ እጃቸው የፊጥኝ ታስሮ በሁለት ታጣቂ መካከል ቆመዋል። ነጠላቸው መሬት ወድቋል፤ ያነሣላቸው ሰው አልነበረም።

«የባላባት ሚስት፣ ርስቷ የተወሰደባት» አለ ካድሬው። «አሸንዳውን ስትበሳ ያየ ሰው የለም፤ ግን ሌላ ማን ይበሳዋል? አንተ ነህ ባለሙያው? ሰው ነው ወይስ ምንድን ነው?»

ጋሽ ደምሴ መልስ ከመስጠታቸው በፊት ሄደው ነጠላውን አነሡ። አራግፈው እመት አስካለ ትከሻ ላይ ጣል አደረጉት።

«ሰው አይደለም» አሉ። «አሲድ ነው።»

«ምን አሲድ?»

«ስንበይድ የምንቀባው። መታጠብ ነበረበት። አላጠብኩትም። ያ ነው የበላው።»

ሊቀመንበሩ እንኳ ቀና አለ፤ የጋሽ ደምሴን ስም የማያውቅ አልነበረም።

«አርባ ዓመት የሠራህበት ሥራ አይደለም እንዴ?» አለ ካድሬው። «እንዴት ሳታጥበው ቀረህ?»

«ቸኮልኩ። እርጅና ነው። ብርድ ነበር።»

ካድሬው ወደ እኔ ዞረ። «አንተስ? አብረኸው አልነበርክም? እውነቱን ነው?»

ጋሽ ደምሴ አዩኝ። ልመና አልነበረበትም አያያቸው፤ መሰላል ላይ ሆነው ምስማር አቀብለኝ ሲሉኝ እንደሚያዩኝ ነው ያዩኝ። ሴትየዋ የታሰሩበት ገመድ ፊት ለፊቴ ነበር።

«እውነታቸውን ነው» አልኩ።

እመት አስካለን ፈቷቸው። እጃቸውን እያሻሹ አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ ጋሽ ደምሴ ቀደሟቸው፤ «እመት፣ ለዚህ ልጅ የሚጠጣ ይስጡት፣ ከሩቅ ነው የመጣ» አሏቸው። እመት አስካለ ቆመው ቀሩ። ካድሬው ትከሻዬ ላይ ያለውን ምን እንደሆነ ጠየቀኝ። «መጠገኛ ነው» አልኩት። ጋሽ ደምሴን ወሰዷቸው። ምላሱን ያን ቀን ማን ያስገጥመኛል? አሸንዳውን የሚነካ ሰው እንዳይኖር ዘበኛ ቆመበት። ተሸክሜ ያመጣሁትን ተሸክሜ ተመለስኩ።

የፈረዱባቸው በቸልተኝነት የሕዝብ እህል አበላሽተዋል ብለው ነው። አሻጥር ቢሉት ኖሮ ይብስ ነበር አሉ የሚያውቁ። ጉዳያቸው በየማኅበሩ ስብሰባ ለትምህርት ተብሎ ይነገር ነበር፤ አሲድ ሳያጥብ የወረደው ሽማግሌ እየተባለ። እኔም በአንዱ ስብሰባ ተቀምጬ አጨብጭቤያለሁ፤ ሁሉም ሲያጨበጭብ እጅን አጣጥፎ መቀመጥ የሚቻልበት ጊዜ አልነበረም።

ሁለት ክረምት ታስረው ወጡ። እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ሳላቸው አያስተኛም። የሥራ ክፍሉ አልመለሳቸውም። ለግል ሥራ ወደ ሰው ቤት ቢሄዱ ሰው በትሕትና ይሸኛቸዋል። «እንግዲህ ደከሙ፣ ይረፉ» ይሏቸዋል። እኔ በቦታቸው ተተክቼ ነበርና በዕረፍት ቀኔ የማገኘውን ሥራ አብረን እንድንሠራ ለመንኳቸው። እሺ አሉ። ከዚያ በኋላ እኔ መሰላል ላይ ስሆን እሳቸው መሰላሉን ይይዙልኝ ነበር። ይህን ስጽፍ አሁንም ያንገበግበኛል። አንድ ጊዜ ሞላሌ ላይ የአንድ ነጋዴ ቤት ስንሠራ ሰውየው መጥቶ፣ «ማጠቡን አንተ ራስህ እጠብ፣ ለእሳቸው አትተውብኝ» አለኝ። የተናገረው ጮክ ብሎ ነው። ጋሽ ደምሴ የአመዱን ውሃ ከእጃቸው አስቀምጠው ወደ ጎን ሄደው ቆሙ።

«ጋሼ፣ እንናገር» አልኳቸው ያን ዕለት ስንመለስ። «እስከ መቼ?»

«ለማን ነው የምትናገር?» አሉኝ። «ብትናገር ወይ አያምኑህም፣ ወይ ያምኑህና እሷን ያስሯታል። ሁለቱም ለኔ አይጠቅመኝም።»

«ስምዎስ?»

«ስሜን ምን ላድርገው፣ ልሸጠው ነው?» አሉና ሳሉ። ግድ የሌላቸው ሰው አልነበሩም። ሌሊት ሌሊት የማንም ያልሆነ ቁራጭ ላሜራ እየበየዱ እንደሚያጥቡ ጎረቤታቸው ነግሮኛል።

በዚያው ሰሞን የመንደር ምሥረታ መጣ። የአፋፉ ሰው ሁሉ ቤቱን አፍርሶ ወደ አንድ ሜዳ ተሰበሰበ። የእመት አስካለ ቤትም ፈረሰ፤ ቆርቆሮው ለአዲስ መጋዘን ተነሣ፣ ድንጋዩ ተጋዘ፣ አሸንዳው የት እንደገባ አላውቅም። በበልጉ ቦታው ታርሶ ገብስ ተዘራበት። እኔ ነኝ ለጋሽ ደምሴ የነገርኳቸው። ያንን ሁሉ የከፈሉበት ግድግዳም ጠፈጠፍም እንደሌለ ሲሰሙ ጋቢያቸውን ሰብስበው ወደ ግድግዳው ዞሩ። ክረምቱ ሳይገባ ሞቱ።

ቀብራቸው ላይ ሰው ብዙ አልነበረም። የሥራ ክፍሉ ሰዎች፣ የዕድራቸው ሰዎች፣ ጎረቤት። ፍትሐቱ አልቆ አፈር ከመመለሱ በፊት አንዲት ሴት ከኋላ መጡ። ከአዲሱ መንደር በእግራቸው ነበር የመጡት፤ እግራቸው እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ነው። እመት አስካለን መጀመሪያ አላወቅኋቸውም፣ እንዲያ ጎብጠዋል። የመቃብሩ አፍ ላይ ቆመው ነጠላቸውን ታጠቁ።

«ስሙኝ» አሉ። «አሲድ አይደለም። እኔ ነኝ የበሳሁት። በወስፌዬ ነው የበሳሁት፣ ደጋግሜ። ልጆቼ እዚያ ነበሩ። እኒህ ሰው አጥበው ነበር። አጥበው ነበር እላችኋለሁ።»

ከዚያ ሁለት ሴቶች መጥተው በክንዳቸው ያዟቸው። «አይዞዎ እመት፣ ይቅር፣ ይቅር» ይሏቸዋል። «ልጅ ነበራት እንዴ?» አለች አንዷ ለሌላዋ። «ኧረ የላትም፣ መካን ናት» አለቻት። አንድ ሰው ለቀብር የመጣውን የቀበሌ ሊቀመንበር እንዳይሰማ ቀስ ብሎ አዞረው፤ ለእመት አስካለ ብሎ ነው፣ ለደግ ነበር። ያን ጊዜ እኔ አልቻልኩም።

«እውነታቸውን ነው» አልኩ። «እኔ ነበርኩ። ቀዳዳውን በጣቴ ዳስሼዋለሁ። ጋሽ ደምሴ አሲድ ነው ያሉት እሳቸውን ለማዳን ነው።»

የዕድሩ ዳኛ ሽማግሌ ሰው ነበሩ፤ የጋሽ ደምሴ የቆየ ወዳጅ። ትከሻዬን ያዙኝና ሰው እንዳይሰማ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ልጄ፣ ያስተማሩህን መውደድህ ደግ ነው» አሉኝ። «ግን የእሳቸውን ጥፋት ራሷን በማታውቅ ምስኪን ሴት ላይ አታላክክ። ሰው ይሳሳታል። እኛ ይቅር ብለናቸዋል።»

አፈሩ ተመለሰ።

እመት አስካለን የመንደራቸው መንገድ ድረስ ሸኘኋቸው። ጭጋግ ወርዶ ነበር፤ በድሮው ቤታቸው ቦታ በተዘራው ገብስ አጠገብ ስናልፍ ቀና ብለው አላዩትም። መለያያው ላይ ቆሙና እጄን ያዙ።

«እነዚያን ስም ሳይወጣላቸው ቀበርኳቸው» አሉ። «እኒህን ደግሞ ስማቸውን አጥፍቼ።»